ለእንግዳ የተኳለ ቆሻሻ

ጎጃም ደርሶ የሚመለስ ሰው ማር ይዞ ይመጣል፤ ማር ካጣ በርበሬ። እኔ ይዤ የተመለስኩት በጆንያ የታሰረ ቆሻሻ ነው። ከመኪናው ላይ ሲወርድ ያየችው ጎረቤቴ ጤፍ መስሏት ልታግዘኝ ሮጠች፤ ሽታው መንገድ ላይ ተቀብሎ መለሳት። ፍኖተ ሰላምንም ቡሬንም የማየት ዕድል ለማይገጥማቸው ሰዎች ስል፣ ይህ ቆሻሻ እንዴት እጄ እንደገባ ከሄድኩበት ቀን ጀምሬ በተራ ልናገር።

ሙያዬ እሳት ነው። የዕድሜዬን ግማሽ ያሳለፍኩት በስኳር ፋብሪካ ቦይለር አጠገብ፣ የተጨመቀ የሸንኮራ አገዳ ገለባ ለእሳት እያበላሁ፣ እንፋሎቱ ወደ ኤሌክትሪክ ሲለወጥ እየጠበቅሁ ነው። ከፋብሪካው ከወጣሁ ወዲህ የሚጠራኝን ሁሉ አማክራለሁ። ባለፈው ኅዳር አንድ ድርጅት ጠራኝና ቡሬ አካባቢ የከተማ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የሚያመነጭ ፋብሪካ ሊተክል እንዳሰበ ነገረኝ። የእኔ ሥራ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ቆሻሻ ይነድ እንደሆነ አይቶ መመስከር ነበር።

ጥርጣሬዬ የጀመረው ገና ከወንበሬ ሳልነሳ ነው። እንዲህ ያለ ምድጃ ትልቅ ከተማ ይፈልጋል። ባጃጅና ጋሪ የሚበዛባቸው ከተሞች ያን ሁሉ ቆሻሻ ከየት ያመጣሉ? ብዬ ስጠይቅ "መሬቱ ምቹ ነው" አሉኝ። እኔ ስለ ቆሻሻ ጠይቄ እነሱ ስለ መሬት መለሱልኝ። ቢሆንም ሄድኩ። ሰው የጠረጠረውን ነገር በዓይኑ ካላየ አይተኛም።

ማክሰኞ

ጎህ ሲቀድ ከአዲስ አበባ ተነሳን። መኪናውን የነዳው የድርጅቱ ሰው ሄኖክ ነው፤ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ጨዋ፣ ጥቂት የሚናገር ወጣት። አንድ ጠባዩ ግን አልጣመኝም። ስልኩ በጠራ ቁጥር መኪናውን ዳር አቁሞ ይወርዳል፤ ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ ያወራል። ሲመለስ "ይቅርታ ኢንጂነር" ብቻ ብሎ ሞተሩን ያስነሳል።

የአባይን በረሃ ስንወርድ ፍሬኑ መሽተት ጀመረ። እንዲቀዘቅዝ ቆምን። ከታች ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነው፤ ጠዋት ከቤቴ የለበስኩትን ሹራብ አውልቄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሄኖክ ያን ጊዜም ስልኩን ይዞ ከአንድ ቋጥኝ ኋላ ተሰወረ። ነፋሱ አንድ ቃል ብቻ አመጣልኝ፤ "እስካሁን ምንም አልጠረጠሩም" ያለ መሰለኝ። እስከ ደጀን ድረስ ይችን ቃል እያላመጥኩ ሄድኩ።

ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳ በላን። የነቢያት ጾም ገብቷል። አዲስ አበባ በያይነቱ ሲያዝዙ ቀይ ሥሩ፣ ሩዙ፣ መኮሮኒው እንጀራውን ሸፍኖት ይመጣል፤ እዚህ ሽሮው መሐል ላይ እንደ ባለርስት ተንጣሎ ሌላው ሁሉ ዳር ዳር ይቆማል። አስተናጋጇ ጨርሰን ስናበቃ ሳንጠይቃት ጨመረችልን። ለጭማሪው ሒሳብ እንዳልያዘች ሳይ፣ የአዲስ አበባ ሰው ነኝና፣ ምን ፈልጋ ይሆን ብዬ ዞር ብዬ አየኋት። ምንም አልፈለገችም።

ደምበጫን አልፈን ፍኖተ ሰላም የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ በቆሎው ታጭዶ ተከምሯል፤ በየግቢው የተሰጣው በርበሬ ቀይ ምንጣፍ ይመስላል። ሆቴላችን ስንደርስ መብራት አልነበረም። የሆቴሉ ባለቤት ሻማ እየለኮሰች ይቅርታ ጠየቀችኝና፣ ፋብሪካችሁ ሲተከል እኮ ይህ ሁሉ ይቀራል አለችኝ። ማን እንደሆንኩ አልነገርኳትም ነበር። ማን እንደነገራት ስጠይቃት "ከተማው ሁሉ ያውቃል" አለች። ከተማው ሁሉ የሚያውቀው እንግዳ ከሆንኩ፣ ከተማው ሁሉ ተዘጋጅቶ ጠብቆኛል ማለት ነው ብዬ በሩን ሁለት ጊዜ ቆልፌ ተኛሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ወደ ቆሻሻ መጣያው መሄድ ፈልጌ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ግን ሻይ ጋበዘን፤ ከሻዩ ጋር ትኩስ ዳቦ መጣ፤ ከዳቦው በኋላ ሌላ ሻይ መጣ። ከሰዓት በኋላ ይሻላል፣ ጠዋት ጤዛ አለበት አለን። በዕድሜዬ ለቆሻሻ ጤዛ የሚጨነቅ ሰው አይቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ወሰዱን። ቦታው ከከተማው ዳር፣ ወደ ወንዙ በሚያወርደው መንገድ ላይ ነው። ነጭ ነጠላቸውን ያጣፉ ሴቶች ተሰልፈው ቆመዋል። ለቀብር የተሰበሰቡ እንጂ ቆሻሻ የሚያነሱ አይመስሉም። ከፊት የቆሙት ረጅምና ቀጭን አሮጊት እትዬ ጥሩወርቅ ይባላሉ። የጽዳት ማኅበሩ ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው፤ ከቤት ቤት በአህያ ጋሪ እየዞሩ የከተማውን ቆሻሻ የሚያነሱት ሴቶች የእሳቸው ናቸው። ስሜን ጠየቁኝ። ጸዳለ እባላለሁ ስላቸው ፈገግ ብለው "ጸዳል ማለት ብርሃን አይደል? እንግዲህ መብራቱ ቀድሞ ገባልን" አሉ።

ክምሩን አየሁት። ፌስታል፣ የውኃ ፕላስቲክ፣ ካርቶን፣ ያለቀ ጫማ፣ የማዳበሪያ ከረጢት፤ ሁሉም ደረቅ፣ ሁሉም ቀላል፣ ነፋስ ሲነካው ኮሽ የሚል። እሳት የሚመኘው ዓይነት ቆሻሻ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን አንድ ነገር ጎደለኝ። አዲስ አበባ ቆሻሻ ያለበትን ቦታ ከሩቅ የሚታወቀው በአሞራው ነው፤ ሰማዩ ላይ ይዞራል። እዚህ አሞራ የለም። ዝንብ የለም። ሽታም የለም። ደግሞ ኅዳር ሚካኤል አልፏል። በየዓመቱ በዚያ ቀን ሰው ግቢውን ጠርጎ ደረቅ ደረቁን ያቃጥላል፤ ኅዳር ታጠነ እንላለን። ኅዳር በታጠነ ማግስት ይህ ሁሉ ደረቅ ነገር ከየት ተረፈ?

ወደ ሄኖክ ዞርኩ። እሱም ክምሩን ትኩር ብሎ እያየ ነበር፤ ፊቱ አመድ መስሏል። የተያዘ ሌባ ፊት መሰለኝ።

ወደ መሐሉ ለመግባት አንድ እርምጃ ተራመድኩ። እትዬ ጥሩወርቅ "እዚያ አይርገጡ" ሲሉ እግሬ ገብቶ ነበር። የላዩ ፌስታል ተሸነቆረና እስከ ጉልበቴ ሰጠምኩ። ከሥር ያለው ጥቁር፣ ርጥብ፣ ለብ ያለ ነው። ሄኖክና ሁለት ሴቶች ጎትተው ሲያወጡኝ ጫማዬ እዚያው ቀረ። ሽታውም ያን ጊዜ መጣ።

እትዬ ጥሩወርቅ እጄን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። ቤታቸው ቅርብ ነው፤ ከአጥራቸው ክምሩ ይታያል። ዱካ ላይ አስቀምጠው ውኃ አሞቁና እግሬን ራሳቸው ሊያጥቡ ጎንበስ አሉ። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ፤ ተዉ እኔ እታጠባለሁ ብል አልሰሙኝም። እንግዳ በእግሩ ጭቃ ይዞ አያድርም አሉ። በሳሙና፣ በጣቶቼ መሐል እየገቡ፣ ቀስ ብለው አጠቡኝ። ከዚያ የራሳቸውን የላስቲክ ጫማ አጫሙኝ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ዓይኔን አላዩኝም። እኔም ደግነታቸውን እየተቀበልኩ፣ በልቤ ክምሩን ማን አስኳላችሁ? እያልኩ ነበር። በዚህም በእንግድነቴ አፈርኩ፤ መጠርጠሬን ግን አላቆምኩም። ጥርጣሬዬ ሁሉ ያረፈው ሄኖክ ላይ ነው።

ሐሙስ

ፋብሪካው ይተከልበታል የተባለውን መሬት ለማየት ወደ ቡሬ ሄድን። ማንኩሳ ላይ ቆመን ትኩስ ዳቦ ገዛን። የገበያው ቦታ ንጹሕ ነው። አንድ ፌስታል አልነበረበትም። የእኛ ሰፈር ገበያ በተነሳ ማግስት መርገጫ አይኖረውም፤ እዚህ ግን ላም የላሰው ይመስላል። ለሄኖክ ይህን ብነግረው "አዎ፣ አየሁ" ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

የቡሬን መጣያ፣ ርጥቡንና አሞራ የሚዞርበትን፣ በመንገዳችን አይተን በፋብሪካዎቹ በኩል ወደ ገጠሩ ወጣን። መሬቱ ረጋ ብሎ የሚወርድ ሜዳ ነው፤ ገሚሱ ዳጉሳ፣ ገሚሱ የጋራ ግጦሽ። የተቀበሉን ሽማግሌ አያ እንየው ይባላሉ፤ የአዊ ተወላጅ ናቸው፤ ማሳቸው ከግጦሹ ጋር ይዋሰናል። ሰላምታ ሰጥተውን ወደ ቤት አስገቡንና ከባለቤታቸው ጋር በአገውኛ መነጋገር ያዙ። ባለቤታቸው እያየችኝ ትናገራለች፣ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስለ እኔ እንደሆነ ገባኝ፤ ስለ ምኔ እንደሆነ ግን አልገባኝም። ቆይተው አያ እንየው ሳቁና፣ ሚስቴ የምትለው ይህች ሴት በባዶ ሆዷ ልትጠይቅህ ነው፣ መጀመሪያ አብላት ነው አሉኝ።

የዳጉሳ እንጀራ በሽሮና በጎመን በላን። የዳጉሳ እንጀራ ለማያውቅ ሰው፣ ቀላ ብሎ የሚጠቁር፣ ከጤፉ ጠንከር ያለ፣ ሆድ ውስጥ ቁጭ የሚል ነው። ጠላ ተቀዳልን። ሄኖክ የሚነዳ ነውና እምቢ ሲል ውኃ አመጡለት፤ ውኃውን ግን ልክ እንደ ጠላው ጎንበስ ብለው፣ ትንሽ ቀምሰው ሰጡት።

ከበላን በኋላ ጠያቂው እሳቸው ሆኑ። ኅዳር ሚካኤልን ዓመቱን ሙሉ ልታደርጉት ነው የሚባለው እውነት ነው? አሉኝ። ነገሩ እንዲያ ነው ብዬ ምድጃው እንዴት እንደሚሠራ አስረዳኋቸው። በጽሞና ሰሙኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሱ "የማንን ቆሻሻ ነው የሚያነደው?" አሉ።

የፍኖተ ሰላምንና የቡሬን አልኩ።

"የቡሬን ቆሻሻ አውቀዋለሁ። የፍኖተ ሰላምንም ለገበያ ስሄድ አየዋለሁ። እናንተ ትናንት ያያችሁት ሙሽራይቱን ነው። እኛ በአዘቦት ነው የምናውቃት።"

ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ቀጥታ አልመለሱልኝም። የፍኖተ ሰላም ሴቶች ሰሞኑን በየገበያው፣ በየቦዩ፣ እስከ ማንኩሳ ድረስ ጎንበስ ብለው ሲለቅሙ እንዳዩ፣ ሠርግ ቢኖር ነው ብለው እንዳለፉ ብቻ ነገሩኝ። ከዚያ ወሬውን ወደ ዳጉሳው ዋጋ አዞሩት።

ስንመለስ ለሄኖክ እዚያው መኪና ውስጥ ነገርኩት። ያንን ክምር ማን እንዳሰማመረው ታውቃለህ፣ እኔን አታሞኘኝ አልኩት። ትንሽ ነድቶ ከአንድ ዋንዛ ሥር አቆመ። ሞተሩን አጠፋ።

"እኔም ይህንኑ ልጠይቅዎት ነበር" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሄኖክ ከዚህ በፊት ፍኖተ ሰላም መጥቶ ነበር፤ አንዴ በበጋ፣ አንዴ በክረምት። ሁለቱንም ጊዜ ክምሩ ጥቁርና ርጥብ፣ አሞራ የሚዞርበት ነበር። ይህ አይነድም ብሎ ለአለቆቹ ነገራቸው። አንተ የእሳት ባለሙያ አይደለህም አሉት። ባለሙያ ሲቀጠር ደስ ብሎት ነበር። ትናንት ግን ክምሩ ደርቆና አጊጦ ሲያየው፣ እኔ ከአለቆቹ ጋር ተመሳጥሬ ያሰናዳሁት፣ መልሱም ገና አዲስ አበባ ሳለን ያለቀ መስሎታል። ፊቱ አመድ የመሰለው ለዚህ ነው። ስለ ስልኩም ሳልጠይቀው ነገረኝ። አለቆቹ እኔ የምለውን ሁሉ በየመንገዱ እንዲነግራቸው አዝዘውት ነበር። ሰው መሰለል ስላሳፈረው ነው የሚርቀው።

አባይ በረሃ ላይ የሰማሁትን ነገርኩት። ሳቀ። "ምን እንደሚጠረጥሩ አልነገሩኝም ነበር ያልኩት" አለ። ከዚያ ወዲያ እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ አውርተን አልጠገብንም። እርስ በርስ ስንፈራ ሁለት ቀን አባክነናል።

ዓርብ

ማልደን ለማንም ሳንናገር እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ሄድን። ጋሪዎቹ ሊወጡ እየተጫኑ ነበር። ሲያዩን አልደነገጡም፤ የሚጠብቀው ነገር እንደደረሰበት ሰው ረጋ ብለው እንዴት አደራችሁ አሉን። ከጋሪዎቹ ጋር መዞር እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ጥቂት አስበው "እሺ፣ ባዶ እጅሽን ግን አትሂጂ" ብለው አካፋ ሰጡኝ። አንቺ ያሉኝ ያን ጊዜ ነው።

ከቤት ቤት ዞርን። በየደጁ ሰው እንዴት አደራችሁ ይላል፤ አንዲት እናት የተቀቀለ ድንች በእጄ ላይ አስቀምጣልኝ ገባች። አዲስ አበባ ቆሻሻ የሚያነሱትን ሰዎች እንዲህ ባለ ሰላምታ የሚቀበል ሰፈር አላውቅም፤ የእኔንም ጨምሮ። ጋሪው ሲሞላ ሸራ አንጥፈን ገለበጥነው። የምድጃ አመድ ነው፤ አፈር ነው፤ የድንችና የሙዝ ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የጠላ አተላ፣ የጫት ገረባ። ፌስታሉ በየመሐሉ እንደ ቅመም ጣል ጣል ያለ ነው። አንድ ጭብጥ ዘግኜ ጨመቅሁት። ውኃው በክርኔ ወረደ። ይህን ለእሳት መስጠት እሳቱን ማስለቀስ ነው፤ ርጥቡን ለማድረቅ የሚያልቀው ሙቀት ከሚገኘው ይበልጣል።

እትዬ ጥሩወርቅ እጄን እያዩ ነበር። ሴቶቹም ሥራቸውን ትተው ከበቡን። እኔ ሳልናገር እሳቸው ቀደሙኝ።

"ውሸት አልሠራንም" አሉ። "የላዩም የሥሩም የእኛው ነው። ላዩን ከየገበያው፣ ከየቦዩና ከየማሳው ለቅመን አመጣነው። እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም?"

ማን እንዳዘዛቸው ጠየቅኋቸው። ማንም አላዘዛቸውም። መጣያውን የምታይ ሴት ከአዲስ አበባ ትመጣለች፣ ደረቅ ካገኘች ፋብሪካው ይተከላል የሚል ወሬ ሰሙ። ማዘጋጃ ቤቱ አውቆ ዝም ብሏል፤ ከጤዛው በቀር ያደረገው ነገር የለም። ለምን ይህን ያህል እንደለፉ ስጠይቅ እትዬ ጥሩወርቅ ወደ አጥራቸው ወስደው ባዶ ጋጣ አሳዩኝ።

ዳለቻ የምትባል ላም ነበረቻቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቤቱን የያዘችው እሷ ነች። ነፋስ ከመጣያው የሚያነሳው ፌስታል እግጦሹ ላይ ይበተናል፤ ጨው ጨው ስለሚል ከብቱ ይበላዋል። ዳለቻ መብላት አቆመች፤ ሆዷ ተነፋ፤ በየቀኑ እየከሳች ጥጃዋን ሳትወልድ ወደቀች። ሲከፍቷት ፌስታሉ እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ሆዷን ሞልቶት ነበር። ከዚያ ከእያንዳንዷ ሴት ቤት ከብት እንዲሁ ሞተ። እሳት ይብላው፣ ላሞቻችን ከሚበሉት ብለን ነው አሉኝ።

ምን ልበላቸው? አልዋሽም፣ አንድ የማምለጫ መንገድ ነበረኝ። ናሙናውን ከላይ ከተኳለው ክምር ባነሳ ማንም አይከሰኝም፤ ከፍኖተ ሰላም መጣያ የተነሳ ነውና። ፋብሪካው ይመጣል፣ ሴቶቹ ሥራ ያገኛሉ፣ እኔም እመሰገናለሁ። እግሬን ያጠቡኝ ሴት ፊቴን እያዩ ቆመዋል። 

"እትዬ፣ የለቀማችሁት ሁሉ ለዚያ ምድጃ የአንድ ቀን ቁርስ ነው" አልኳቸው።

"ነገስ?"

"ነገ ሌላ ይፈልጋል። ቀንና ሌሊት ይበላል፤ ካጣ ይጠፋል። ከእናንተ ካላገኘ ከሌላ አገር በመኪና ያስመጣል። አመዱ እዚሁ ይቀራል። ጭሱም በደንብ ካልተጣራ መርዝ ነው።"

ከሴቶቹ አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እትዬ ጥሩወርቅ ባዶውን ጋጣ፣ ከዚያ ክምሩን አዩ።

"እንግዲያማ ቆሻሻችንን ሊወስድልን አይደለም" አሉ። "ሊያመጣብን ነው።"

 ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ሁለት ጆንያ አምጥተው፣ ከሸራው ላይ ያለውን ርጥብ እየዘገኑ ሞሉልኝ። የጆንያዎቹን አፍ አጥብቀው አሰሩ። ከላይኛው ክምር አንድም ፌስታል አልጨመሩበትም።

ለምሳ አስቀሩን። ዓርብ ነው፣ ጾም ነው፤ እስከ ቅዳሴ መውጫ ጠብቀን ሽሮ በላን። የሐዘን ቤት ምሳ ይመስል ነበር፤ ግን ለእኔም ለሄኖክም እየቆረሱ ከማጉረስ አልቦዘኑም።

ቅዳሜ

ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። አንድ ኬላ ላይ መኪናው ተፈተሸ። ፈታሹ ጆንያዎቹን በእንጨት ወጋ ወጋ አድርጎ ምን እንደሆኑ ጠየቀ። ቆሻሻ ነው አልኩት። ፊቱን አጠቆረብኝ። ክፈቱት አለ። ከፈትነው። ዘርግፉት አለ። ዘረገፍነው። አሽትቶ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ተመልሶ በእንጨቱ ቆፈረው።

"አዲስ አበባ ቆሻሻ አልቆ ነው ከዚህ የምትወስዱት?" አለ።

ሄኖክ ሊያስረዳው ሞከረ፤ ቆሻሻው መብራት ይሆን እንደሆነ ለመመርመር ነው አለው። ፈታሹ ከዚህ በኋላ ጭራሽ አላመነንም። አለቃው እስኪመጣ ጥላ ሥር አስቀመጡን። አልተቆጣሁም። ሳምንቱን ሙሉ የሰውን ሁሉ ፊት ስመረምር የከረምኩ ሴት፣ እኔ ብመረመር ምን ይደንቃል? ቆሎ የምትሸጥ ሴት አጠገባችን ነበረች፤ ምን አጥፍታችሁ ነው ብላ ሳትጠይቅ አንድ አንድ ስኒ ሰፍራ ሰጠችን። አለቃው መጥቶ አሸተተና፣ በእውነትም ቆሻሻ ነው ብሎ ለቀቀን። መልሰን ስንሞላው ፈታሹ ራሱ ጆንያውን ይዞልን ነበር።

ከተመለስኩ በኋላ

ቆሻሻውን አደረቅሁት፣ መዘንኩት፣ አነደድኩት። እጄ ላይ የነገረኝን ደገመልኝ። አይነድም ብዬ ጻፍኩ። የላይኛው ክምር እንዴት እንደመጣና ከየት እንደተለቀመም ጻፍኩ፤ ሴቶቹን ሌባ አስመስሎ የሚያነብ እንዳይኖር የዳለቻን ነገር ጨመርኩበት።

የድርጅቱ ሰዎች አልተደነቁም። ያ ነው ያስደነገጠኝ። ከሌሎች ከተሞችና ከፋብሪካዎች ደረቅ ቢመጣስ፣ ያን ጨምረሽ ልትጽፊ አትችይም? አሉኝ። አያ እንየው የማንን ቆሻሻ ነው ያሉኝ ትዝ አለኝና፣ የታዘዝኩት የፍኖተ ሰላምንና የቡሬን ነው ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አልጠሩኝም። ያን ሜዳ ለምን ያን ያህል እንደፈለጉት እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ዳጉሳው ግን ዘንድሮም እንደተዘራበት ሰምቻለሁ። ሄኖክ ሥራውን ለቆ ሌላ ቦታ ገብቷል። አሁንም ኢንጂነር ይለኛል፤ ስልክ ሲያወራ ግን አይርቅም።

ከወራት በኋላ እትዬ ጥሩወርቅ ደወሉልኝ። ሰላምታቸው እንደ አገሩ ረጅም ነው፤ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ እግሬ ሳይቀር ጠየቁኝ። ከዚያ ስለ መጣያው ነገሩኝ። ያን የለቀሙትን ሁሉ መልሶ ለነፋስ ከመስጠት ብለው ጉድጓድ ቆፍረው አጠሩለት። በየቅዳሜው መልቀሙን አልተዉም። ርጥቡን ለብቻ አድርገው ለጓሮ ማዳበሪያ ያበስሉታል። የነፋሱ ወራት ሲመጣ እግጦሹ ላይ አንድም ከብት አልሞተም። "ፋብሪካው ቀረብን፤ መልቀሙ ቀረልን" አሉኝ።

ደስ አለኝና አመሰገንኳቸው። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አሁን ደግሞ ሌሎች ሰዎች መጥተዋል። ፌስታሉን አቅልጠን ነዳጅ እናወጣለን ይላሉ። አነጋገራቸው ያምራል። መኪናቸውም ንጹሕ ነው።"

"ምን አላችኋቸው ታዲያ?"

"ታገሡ አልናቸው። አንዲት ልጅ አለችን፣ እሷ ሳታይ መልስ አንሰጥም አልን። አንቺ ትችይበታለሽ፣ ልጄ። መጥተሽ ጠርጥሪልን።"